ዛሬስ ምን ሰማህ?

ባለቤቴ ከምርመራው በፊት ፍርዱን መስጠት ይወዳል። ሰፈሩ «ሊቀመንበር» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። በሕይወቱ የምንም ነገር ሊቀመንበር ሆኖ አያውቅም፤ ግን ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ካየ ጠጋ ብሎ ስብሰባውን ይከፍታል፣ ካልተጠነቀቁትም ውሳኔ አሳልፎ ይዘጋዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰውየውን ሳልለካ መቀስ አላነሳም። እሱ ግን መቀሱን በእጁ ይዞ ነው ከቤት የሚወጣው።

ስለዚህ የጀልባችን ሞተር የማርሽ ዘይቱን አፍስሶ ባዶውን ሲመጣ፣ ማርሹ ገና ሳይከፈት ጥፋተኛው ተለይቶ ነበር። ጥፋተኛው የገዛ ወንድሙ ነው።

ወንድሙን፣ ማለትም ዋርሳዬን፣ ተሳፋሪው ሁሉ «ቀስበሉ» ይለዋል። ጀልባዋን ከወዲህኛው ዳርቻ ወደ ወዲያኛው የሚያመላልሳት እሱ ነው። ሰው ሲሳፈር «ቀስ በሉ»፣ ሰው ሲወርድ «ቀስ በሉ»፤ ሌላ ብዙ ንግግር የለውም። አንዴ አንድ ሰውዬ ውሃ ውስጥ ወድቆ እየተንቦጫረቀ «ድረሱልኝ!» ሲል፣ ዋርሳዬ ገመድ እየወረወረለት «ቀስ በሉ» ብሎታል። ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ከግቢያችን ኋላ ባለችው ክፍል ይኖራል። ጀልባዋ የባለቤቴ ናት፣ መሪው ግን የእሱ ነው። ከዚያ መሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ሌላ ሥራ ልስጥህ ያለውም የለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋስ ነበር። የጀልባዋ የፀሐይ ሸራ ስለተቀደደ ልለካው ጀልባ የሚታሰርበት መትከያ ላይ ቆሜያለሁ። ጀልባዋ ከማዶ ስትመለስ ገና ሳትታይ ድምጿ ደረሰ፤ ጠጠር የገባበት ወፍጮ ነው የሚመስለው። ስትጠጋ ደግሞ ከኋላዋ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ የዘይት ጅራት ትጎትታለች። ተሳፋሪዎቹ ፊታቸው አመድ መስሎ ወረዱ። ዋርሳዬ እንደ ልማዱ «ቀስ በሉ» አለ። አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ፣ «ከዚህ በላይ ቀስ ካልን እዚያው መሀል ላይ ቤት መሥራታችን ነበር» አለችው።

ባለቤቴ በሕዝቡ መሀል ሰንጥቆ ደረሰ።

«መረብ ላይ ነድተሃታል!»

«መረብ አልነካሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ዘይቱ የት ሄደ? ቅዳሜ በገዛ እጄ የቀየርኩት አዲስ ዘይት ነው። ተሳፍሮ ማዶ ወረደ?»

ሰው ሳቀ። ባለቤቴ ሰው ሲስቅለት ድምፁ ይጨምራል።

«ድምፁን መቼ ሰማኸው?»

ዋርሳዬ ገመዱን ከችካሉ ጋር እያሰረ ነበር። ቀና አላለም። «እዚሁ ልንደርስ ስንል» አለ።

መካኒኩም ግርግሩን ሰምቶ ወርዷል። «ዶክተር» ነው የሚባለው፤ የረጅም ካቻቪቴ እጀታ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ነው። «በመጀመሪያ ደረጃ» ማለት ይወዳል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን አይቼው አላውቅም።

«በመጀመሪያ ደረጃ» አለ፣ «አትጨቃጨቁ። ማርሽ ያለ ዘይት ሲሄድ ይግላል፤ ሲግል ይጠቁርና ሰማያዊ ይሆናል። ትንሽ ከሄደ ንጹሕ ነው፣ ብዙ ከሄደ ሰማያዊ ነው። ከፍተን ማየት ነው። ብረት አማላጅ አይሰማም።»

ባለቤቴ ይህንን ወደደው። ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ጥሩ! ሁላችሁም ስሙ። ማርሹ ንጹሕ ከሆነ ወንድሜ እውነቱን ነው፣ ነገም መሪው የእሱ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ይወርዳል። ለዘላለሙ።»

ማንም ይህን ስብሰባ አልጠራም። ውሳኔው ግን በሰው ሁሉ ፊት ተላልፎ ቁጭ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ የቀረው አይገባም። ባለፈው ክረምት ዋርሳዬ «ጀልባዋ ድምፅ አላት» ብሎ ነበር። ጀልባዋ ቆመች፣ ዶክተር ሞተሩን ብትንትን አደረገው፣ ምንም አልተገኘም፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ እራት ላይ ሲቀመጥ ገና እጁን ሳይታጠብ ወንድሙን ያየውና፣ «እህስ፣ ዛሬስ ምን ሰማህ?» ይለዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አማቴ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው ሲስቅ ግን ስለሚያዩ አብረው ይስቃሉ። ዋርሳዬም ፈገግ ይላል። አንድ ሰው በየቀኑ እንደዚያ ፈገግ ሲል ጉንጩ አይደክመውም ወይ ብዬ አስብ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሞተሩ ከጀልባዋ ተነቅሎ ዶክተር ጋራዥ ውስጥ የእንጨት ርብራብ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ሸራዬን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ዘርግቼ ለመቁረጥ የጋራዡ ወለል ይመቻል። ሸራው እንኳ መቆየት ይችል ነበር። ባለቤቴ እጁን ኋላው አጣምሮ ይንጎራደዳል። ዋርሳዬ በሩ ላይ ቆሟል፤ አልገባም፣ አልሄደምም።

«በመጀመሪያ ደረጃ» አለ ዶክተር፣ «ይሄ የመረብ ክር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ክሩ ከፕሮፔለሩ ኋላ ይጠመጠምና የዘይት መያዣውን ጎማ ይቆርጠዋል። ዘይቱ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ስንቱን አይቻለሁ!»

«አላልኩም?» አለ ባለቤቴ።

ዶክተር ፕሮፔለሩን ፈቶ ጎትቶ አወጣው። ከኋላው ክር የለም። ጎማውን በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው፣ በባትሪ አየው። ሳይቆረጥ፣ ሳይላጥ፣ እንደ አዲስ ቁጭ ብሏል። ዶክተር ለቅጽበት በክሩ የተከዳ መሰለ።

«ክሩ ቆርጦት ወድቆ ይሆናል» አለ ባለቤቴ።

«ምን ቆርጦ? ጎማው እኮ ደህና ነው። መረቡን ተወው፣ ሊቀመንበር።»

«መረቡን ልተወው» አለ ባለቤቴ፣ ስብሰባ ላይ አጀንዳ እንደሚያሸጋግር ሰው።

ዶክተር ላይኛውን የዘይት ቡሎን ከፍቶ በቀዳዳው የብስክሌት መንፊያ በቱቦ አገናኘ። ሞተሩን ታች ታቹን የሳሙና ውሃ ቀባውና አየር መግፋት ጀመረ። «በብዙ ከነፋነው ደህናውንም ጎማ እናፈነዳዋለን፤ ቀስ ነው» አለ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን እናያለን። ከፕሮፔለሩ ጋ ምንም የለም። ከማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ጋ ምንም የለም። የታችኛው ቡሎን ራስ ሥር ግን አንዲት አረፋ አበጠች፣ ፈነዳች፣ ሌላ አበጠች።

«ያቻትና! በዚህ ነው የምትተነፍሰው።»

ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ ያንን ቡሎን ፈታው። የወጣው የሻይ ብርጭቆ እንኳ የማይሞላ ጥቁር ዝቃጭ ነው። ማግኔት ነክሮ ሲያወጣው ጫፉ ላይ የብረት ፀጉር በቅሏል። ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ቡሎኑን ወደ ብርሃኑ አነሳው።

«ሮንዴላዋስ?»

«የምን ሮንዴላ?» አለ ባለቤቴ።

«እዚህ ከራሱ ሥር የምትገባዋ ነቻ። ቀጭን ቀለበት ናት፤ ቀላ ያለች፣ ካርቶን የምትመስል፣ የሸሚዝ አዝራር የምታክል። እሷ ከሌለች ቡሎኑን በዝሆን ጉልበት ብታጠብቀው ዘይቱ እንባ እንባ እያለ ይወጣል። ዘይቱን የቀየረው ማነው?»

«እኔ። አስገብቻታለሁ ደግሞ።»

«አስገብተሃት ከሆነ የት ሄደች?»

ባለቤቴ ጥቂት አሰበ። ሲያስብ ያስፈራኛል። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ።

«የት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው አለ። ከኔ በኋላ ይህን ቡሎን የነካ አለ።»

«ማን ይነካዋል፣ ጋሼ?» አለ ዋርሳዬ።

«ጀልባዋን ስንት ሰው ይይዛታል? አንተ ነህ የከፈትከው!»

«ለምን ብዬ?»

«ለምን እንደሆነማ አንተ ታውቃለህ። አዲስ ዘይት ነበር። ዘይት የሚፈልግ ሞተር ደግሞ በየመትከያው ሞልቷል።»

በአንድ ጠዋት ዋርሳዬ ከግድየለሽነት ወደ ሌብነት አደገ። ጆሮው ብቻ ቀላ።

እኔ በዚህ ሰዓት ሸራው ላይ ተንበርክኬ ነበር። መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። የሸሚዝ አዝራር የምታክል።

ቅዳሜ ባለቤቴ አሮጌው ዘይት እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ቡሎኖቹን ይዞ ወደ ቤት መጣ። ጥንቃቄ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ እዚያው መትከያው ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ እሱ ግን «እዚያ የወደቀ ቡሎን ለዓሣ ነው፣ ቤት የወደቀ ቡሎን የትም አይሄድም» ይላል። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁርጥራጭ ጨርቅ ዘርግቶ፣ በላምባ አጥቦ፣ አንድ በአንድ አድርቆ፣ እንደ ወርቅ በመሐረብ ጠቅሎ ተመለሰ። ጨርቁን ያራገፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት ክብ ነገር ጠብ አለች። ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ክብ ነገር ከወደቀ አዝራር ነው፤ ዞር ብዬም አላየኋት። ሳጥኑ ውስጥ ጣልኳት።

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የባለቤቴን አንገት አየሁ፤ ሥሩ ተገትሯል። ባዶ እጄን ብናገር ነገሩ የጨርቅና የአዝራር ወሬ ሆኖ ይቀራል። አፌን ዘጋሁ።

«ከምሳ በኋላ ማርሹን እከፍተዋለሁ» አለ ዶክተር። «ያኔ ሁሉም ይታያል።»

«ይታያል» አለ ባለቤቴ።

ቤት ገብቼ የአዝራር ሳጥኔን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። የካፖርት አዝራር፣ የትራስ አዝራር፣ ባለቤቷ የሞተች ቀሚስ አዝራር፣ መጣል ያቃተኝ ሁሉ። አማቴ ከወንበራቸው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን ጠፋሽ?»

«አዝራር፣ እማማ!»

«ጀልባዋ ሞተች አሉ?»

«ታማለች እንጂ አልሞተችም!»

«ዘይት ስጧታ» አሉ አማቴ።

አገኘኋት። ቀላ ያለች፣ ቀጭን፣ መሀሏ ክፍት። አፍንጫዬ ጋ ሳስጠጋት አሁንም ላምባ ላምባ ትላለች። በጡጫዬ ይዤ ወደ ኋላ ክፍል ሮጥኩ።

ዋርሳዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጀልባዋን ቁልፍ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። መልሶ የሚያስረክበውን ዕቃ የሚያጸዳ ሰው ነው የሚመስለው። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታን ልጁን በሳፋ ታጥባለች።

«ይቺ ናት» አልኩት፣ መዳፌን ከፍቼ። «ከቤት አልወጣችም። ቡሎኑን ያለሷ ነው ያሰረው። አንተ ምንም አላጠፋህም።»

ይነሳል ብዬ ነበር። አልተነሳም። ሮንዴላዋን እያየ፣ «እትዬ» አለኝ፣ «ማርሹ ሰማያዊ ነው።»

«ገና አልተከፈተም እኮ።»

«ሰማያዊ ነው። ድምፁን ከሰኞ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሰኞ እንደ ትንኝ ነበር። ማክሰኞ እንደ ተርብ። ረቡዕ አንቺም ሰምተሽዋል።»

ቁጭ አልኩ። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ሚስቱ ሳትዞር፣ ውሃውን በልጁ ጀርባ ላይ እያፈሰሰች፣ «‹ዛሬስ ምን ሰማህ› ሊባል ነዋ» አለች።

«ረቡዕማ ላቆማት ነበር» አለ ዋርሳዬ። «መሀል ላይ ነን። ነፋሱ ወደ ድንጋዮቹ ይገፋል። ባጠፋት ሰዎቹን ይዛ ወዴት ትሄዳለች? ማርሹ ይበላሽ ብዬ መጣሁ። መትከያው ላይ ግን ጋሼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲጠይቀኝ፣ ሰኞ ብል... ምላሴ እንቢ አለኝ።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሮንዴላዋ የባለቤቴን ጥፋት ትናገራለች። ማርሹ የወንድሙን ውሸት ይናገራል። ማርሹ ቀድሞ ከተናገረ ባለቤቴ ስብሰባውን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ሮንዴላ ሳይሆን የመኪና ጎማ ይዤ ብመጣ የሚሰማኝ የለም።

«ተነስ» አልኩት። «ከምሳ በፊት እንድረስ።»

ረሳሁት እንጂ ባለቤቴ ምሳ የሚበላ ሰው አልነበረም በዚያን ቀን። ጋራዡ ስንደርስ ማርሹ ወጥቶ፣ ተጠርጎ፣ የብረት መቆንጠጫው ሞርሳ አጠገብ ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ጥርሱ ጫፉ ተሸርፏል። ቀለሙ... እኔ ጨርቅ አውቃለሁ፣ ሰማያዊ ስንት ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ። ይሄኛው ሌላ ስም የማይሰጠው ሰማያዊ ነው።

ባለቤቴ አልጮኸም። መዳፉን ብቻ ዘረጋ። ዋርሳዬ ከኋላዬ አልፎኝ ሄደና ቁልፉን አስቀመጠበት። መዳፉ ተዘጋ።

እኔም ሄጄ ሮንዴላዋን ጋዜጣው ላይ፣ ከማርሹ ጎን አኖርኳት።

«ዶክተር፣ ይቺ ናት?»

ዶክተር በጥፍሩ አነሳት። የታችኛውን ቡሎን ፈልጎ አጠለቀባት፤ ራሱ ሥር ገብታ እንደ ቤቷ ተቀመጠች።

«በመጀመሪያ ደረጃ...» አለና ቡሎኑን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠው።

«የት ተገኘች?» አለ ባለቤቴ።

«አዝራር ሳጥኔ ውስጥ። ቅዳሜ ቡሎኖቹን ካጠብክበት ጨርቅ ላይ ነው የወደቀችው።»

«አዝራር ሳጥንሽ ውስጥ ምን ትሠራለች?» ፊቱ ላይ ብርሃን መጣ። «እህ! ያጠፋሻት አንቺ ነሻ!»

«ጨርቁን ያራገፍኩት እኔ ነኝ። ቡሎኑን ያለሷ ያሰረው ማን እንደሆነ ደግሞ ጠዋት አንተው ነግረኸናል። ‹አስገብቻታለሁ› አልክ።»

ዶክተር ድንገት መጥረግ ያለበት ካቻቪቴ አገኘ።

ባለቤቴ ሮንዴላዋን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ማርሹን አፈፍ አድርጎ አነሳው። «ይሄስ? ይሄም ከአዝራር ሳጥን ነው የወጣው? ይሄ ‹ልንደርስ ስንል› አይደለም! ይሄ ቀናት ነው! ዋሽቶኛል!»

ይህ እውነት ነበር። ሦስታችንም ዋርሳዬን አየነው።

«ዋሽቻለሁ፣ ጋሼ። ከሰኞ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ።»

«እና አፍ የለህም? ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ነበር።»

«መቼ?»

«ባለፈው ክረምት።»

«ያኔ እኮ ምንም አልነበረም!»

«አዎ፣ ያኔ ምንም አልነበረም» አለ ዋርሳዬ። «እስከ ዛሬ እራት ላይ የምበላው ግን እሱን ነው።»

በወንድሙ ፊት ከዚህ የረዘመ ንግግር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ ማርሹን ቀስ ብሎ ጋዜጣው ላይ መለሰው። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወጥቶ ሄደ። ስብሰባ ሳይዘጋ ሲወጣ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

አዲሱ ማርሽ እስኪመጣ ድረስ ጀልባዋ መሬት ላይ ሆዷን ሰጥታ ተኛች። ተሳፋሪዎቻችንን የጎረቤት ጀልባ ወሰዳቸው። ቁልፉ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ ሁላችንም በአጠገቡ እናልፋለን፣ ማንም አይነካውም። የመትከያው ትኬት ቆራጭ የእህቱን ልጅ ይዞ መጥቶ፣ «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነጂ ነው፣ ጨዋ ነው፣ አይሰማም አያይም» አለ። ባለቤቴ «እናያለን» አለው። መትከያው ላይ ያሳለፈው ውሳኔ በሰው ሁሉ ጆሮ ውስጥ አለ፤ ሲያልፍ፣ «ሊቀመንበር፣ ሰማያዊ ሆነ ወይስ ንጹሕ?» ይሉታል።

እራት ላይ «ዛሬስ ምን ሰማህ?» ቀረ። በምትኩ የመጣው ዝምታ ግን ከሱ የባሰ ነበር። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሁላችንም እንደነግጣለን። እኔን ማኩረፉን ለመግለጽ ባለቤቴ በእናቱ በኩል ያናግረኛል፤ «እማዬ፣ ጨው ታቀብለኝ በያት» ይላል። አማቴ አይሰሙም። ስለዚህ ጨው አይመጣም። እሱም ያለ ጨው ይበላል።

አንድ ማታ ብቻ፣ ጨርቅ እያጠፍኩ ሳለ፣ ግድግዳውን እያየ፣ «ነፋስ ነበረ አይደል፣ ረቡዕ?» አለ።

«ነበረ» አልኩት። «ወደ ድንጋዮቹ የሚገፋ።»

ተነስቶ መብራቱን አጠፋው።

ማርሹ መጣ፣ ዶክተር ገጠመው፣ በሳሙና ውሃም ፈተነው፤ አንድም አረፋ አልወጣም። ሮንዴላዋን አዲስ አድርጎ ሲያስገባ ባለቤቴን ጠርቶ በዓይኑ አሳየው። ባለቤቴ «አይቻለሁ» አለ፣ ፊርማ እንደተጠየቀ ሰው።

ጀልባዋ ለሙከራ ውሃ ስትገባ መትከያው በሰው ሞላ። መሪውን ማን እንደሚይዝ ለማየት ነው። የትኬት ቆራጩም ዘመድ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል። ባለቤቴ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ወደ ማንም ሳያይ ራሱ መሪው ጋ ተቀመጠ። ዶክተር ከሞተሩ ጋ ሆነ፣ እኔ የሰፋሁትን ሸራ ለማሰር ገባሁ። ዋርሳዬ ገመዱን ፈትቶ መትከያው ላይ ሊቀር ሲል፣ ባለቤቴ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ሸራውን አግዛት» አለው። ገባ።

ባለቤቴ መሪ ከያዘ ዓመታት አልፈዋል፤ ጀልባዋ ጠጥታ እንደወጣች ትወላገዳለች። ቢሆንም ሞተሩ ለስላሳ ነው። ዶክተር እንደ ወላድ እናት ፈገግ ብሏል። ወደ መሀሉ ስንቃረብ ዋርሳዬ ሸራውን የያዘው እጁ ቆመ። ራሱን ትንሽ ዘንበል አደረገ። ከዚያ ቶሎ ብሎ አቀና፣ ማሰሩንም ቀጠለ።

አየሁት። ባለቤቴም አይቶታል። ጥቂት ሄድን። ባለቤቴ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ምን ሰማህ?» አለ።

ማንም አልሳቀም። ዋርሳዬ ሸራውን እንደያዘ ወንድሙን አየው፤ ጥያቄው የትኛው እንደሆነ እየመረመረ ነው።

«ከታች ነው» አለ ቆይቶ። «ቀጭን ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«ምንም የለም!» አለ ዶክተር። «በገዛ እጄ የገጠምኩት ነው! በመጀመሪያ ደረጃ...» ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ። «ምንም!»

ባለቤቴ የሞተሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ካቻቪቴውን ተቀበለውና እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ብዙ ቆየ። ከዳርቻው ሰው እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ያየናል።

«እኔ አልሰማም» አለ።

ዋርሳዬ የሸራውን ገመድ ጠበቅ አደረገ።

«አንተ ግን ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ፣ ጋሼ።»

ባለቤቴ ወደ ዳርቻው አየ። ያ ሁሉ ሰው እዚያ አለ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው። ቁልፉን ነቅሎ ለወንድሙ ዘረጋለት።

«እንግዲያው ድምፅ አለ» አለ።

ዶክተር ተቆጥቶ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። መቅዘፊያው አንድ ነበር፤ ባለቤቴ ሳይጠየቅ አነሳው። ወደ ዳርቻው ስንጠጋ ሳቁ ቀድሞ ደረሰን፤ አንዱ «ሊቀመንበር፣ ዛሬስ ምን ሰማህ?» ብሎ ሲጮህ በደንብ ይሰማል። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ይቀዝፋል። ዋርሳዬ ቁልፉን በጡጫው ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ፣ አሁንም ያዳምጣል።